የምኒልክን ብርና ጠገራ ብርን በኢንተርኔት ጨረታ መግዛት፦ ከፍለጋ እስከ ሚዛን

የዳግማዊ ምኒልክ ብርና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በኢቤይም ሆነ በአውሮፓና በአሜሪካ የሳንቲም ጨረታ ቤቶች ዘወትር ይቀርባሉ። አብዛኛው ሻጭ የግዕዝ ፊደል አያነብም፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን አንብቦ የሚረዳ ገዢ ገና ከመነሻው ብልጫ አለው። ይህ ብልጫ በሁለት መንገድ በቀላሉ ይባክናል፦ ዓመታት በአንገት ላይ ጌጥ ሆኖ የኖረን ሳንቲም እንደ ጤነኛ ሳንቲም ሲገዙ፣ እና ጨረታው የቆመበትን ዋጋ ከኪስ የሚወጣ ዋጋ አድርገው ሲያስቡ። ይህ መመሪያ ትኩረቱን የሚያደርገው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳንቲሙን ማወቅ

በፓሪስ የተቀረጸው የምኒልክ ብር ሲወጣ 28.075 ግራም ይመዝን ነበር። ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከሺህ እጅ 835ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። ግማሹ አላድ 14.04 ግራም፣ ሩቡ 7.02 ግራም፣ የብሩ ሃያኛ የሆነው የብር ግርሽ 1.40 ግራም ይመዝናሉ። እነዚህን አራት ቁጥሮች ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ሻጭ ክብደት በነገረዎት ቁጥር የሚያመሳክሩት ከእነዚህ ጋር ነው።

ትልቁ ብር የሚገኘው በአራት ዓመተ ምሕረቶች ነው፦ ፲፰፻፹፯ (1887)፣ ፲፰፻፹፱ (1889)፣ ፲፰፻፺፪ (1892) እና ፲፰፻፺፭ (1895)። ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የ1887ቱ በቁጥር ከሌሎቹ እጅግ ስለሚያንስ ዋጋው ከፍ ይላል፤ አጭበርባሪም የመጨረሻውን ቁጥር ፍቆ ወይም ቀርጾ ፱ን ወደ ፯ ለመቀየር የሚፈተነው በዚሁ ምክንያት ነው። 1887 ተብሎ የቀረበ ሳንቲም ካጋጠመዎት የዓመተ ምሕረቱን ቅርብ ፎቶ ሳያዩ ዋጋ አይስጡ። በመጨረሻው ፊደል ዙሪያ ያለው ገጽ ከሌላው ቦታ የተለየ፣ የጎደጎደ ወይም የተወለወለ ከመሰለ ይተዉት።

አንበሳውም ይመሰክራል። በ1887 እና በ1889 ብሮች ላይ አንበሳው ያነሣው የራሱን ግራ የፊት እግር ነው፤ በ1892 እና በ1895 ብሮች ላይ ደግሞ ቀኙን። የ1892 ዓ.ም. ጽሑፍ ያለው፣ አንበሳው ግን ግራ እግሩን ያነሣ ትልቅ ብር ሲቀርብ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ በፍለጋ ላይም ይጠቅማል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1889 ስለሆነ፣ ብዙ ሻጮች ፲፰፻፹፱ን አይተው የንግሥ ዓመት ሳንቲም ነው ብለው ይጽፋሉ። በእኛ አቆጣጠር 1889 ግን በፈረንጆቹ ከመስከረም 1896 እስከ መስከረም 1897 ያለው ነው፤ ከዓድዋ ድል በኋላ የመጣው ዓመት። ጭራሽ ቁጥሩን ማንበብ ያቃታቸው ሻጮች ደግሞ ዓመት ሳይጽፉ፣ ወይም የአረብ ሳንቲም፣ የአፍሪካ ሳንቲም፣ የአቢሲኒያ ታላሪ ብለው ያቀርቡታል። ስለዚህ በላቲን ፊደል ኢትዮጵያ እና ምኒልክ ብሎ መፈለግ ብቻውን አይበቃም። አቢሲኒያ፣ ታላሪ፣ ታለር፣ የይሁዳ አንበሳ የሚሉትንም፣ የምኒልክን ስም ደግሞ በተሳሳተ አጻጻፍ ጭምር ይሞክሩ። ጣሊያኖች በጣሊያንኛ፣ ፈረንሳዮች በፈረንሳይኛ ስለሚጽፉ የኢቤይን የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የጀርመን ገጾች ለየብቻ ያስሱ። ፍለጋውን አስቀምጠው ማሳወቂያ ቢያበሩ በየቀኑ መመላለስ አይኖርብዎትም።

ጠገራ ብርን በተመለከተ

ጠገራው ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት አለ፤ ይህ ዓመት ሳንቲሙ መቼ እንደተቀረጸ አይነግርም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላ ያው ቅርጽና ያው ዓመት ሳይለወጥ በቪየና፣ በቬኒስ፣ በሚላኖ፣ በሮም፣ በፓሪስ፣ በለንደን፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይ ሲቀረጽ ኖሯል። ጣሊያንም ኢትዮጵያን በወረረችበት በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ሮም ውስጥ አስቀርጻዋለች። ኦስትሪያ ዛሬም ትቀርጸዋለች። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጽሕናው ከሺህ 833 ነው።

ስለዚህ «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ዋናው ሳንቲም» ተብሎ በትልቅ ዋጋ ሲቀርብ የትኛው ቤት እንደቀረጸው ማስረጃ ይጠይቁ። በቂ እውቀት ያለው ጨረታ ቤት የጠገራ ዓይነቶችን በዝርዝር ከመዘገበው ከሃፍነር መጽሐፍ የዓይነቱን ቁጥር ይጽፋል፤ ቁጥር ካልተጻፈ ሳንቲሙን በብርነቱ ዋጋ ነው የሚገዙት፤ ከዚያ በላይ አይክፈሉ። በጠርዙ ዙሪያ ፍትሕና ምሕረት የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ምልክቶች ጋር ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም ዙሪያውን የሚያካልል ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር ካለበት፣ በሻጋታ ፈስሶ የተሠራ ነው።

ትልቁ ወጥመድ፦ ጌጥ የነበረ ሳንቲም

በአገራችን ጠገራም ሆነ የምኒልክ ብር ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሴቶች በአንገታቸው አሥረውታል፤ አንጥረኛ ቀለበት በይዶበታል፣ ወይም በስቶታል። በሰብሳቢ ዓይን ማንጠልጠያ የነበረው ሳንቲም ዋጋ ያው ደረጃ ካለው ጤነኛ ሳንቲም በብዙ ያንሳል፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሻጩ ቀለበቱን አስነቅሎ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክሎ፣ ከፊትና ከኋላ ብቻ ፎቶ አንሥቶ ሲያቀርበው ጉዳቱ አይታይም።

የሚፈለገው ቦታ ከዘውዱ በላይ ያለው ጠርዝ ነው፤ በሰዓት ብናስበው አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ። ማንጠልጠያው የተበየደው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ንጉሡ ቀጥ ብለው እንዲታዩ። ፎቶውን አስፍተው እዚያ ቦታ ላይ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ። አንደኛ፣ የጠርዙ ክብ መስመር ለአምስት ወይም ስድስት ሚሊሜትር ያህል ጠፍጠፍ ብሎ ከሆነ ተሞርዷል። ሁለተኛ፣ ከጠርዙ ወደ ውስጥ የፈሰሰ የሚመስል፣ ቀለሙ ቢጫ ወይም ግራጫ የሆነ እብጠት ካለ የብየዳ ቅሪት ነው። ሦስተኛ፣ በጠርዝ ዙሪያ ያሉት ነጠብጣቦች እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ከጠፉ ሙቀት አቅልጧቸዋል። ተበስቶ የተደፈነ ሳንቲም ደግሞ በፊደል መካከል ክብ ጥላ ያሳያል፤ የተደፈነበት ብር ንጽሕናው ስለሚለይ ከጊዜ በኋላ የተለየ ቀለም ይይዛል፣ በላዩ ያለፈው ፊደልም በእጅ የተቀረጸ ሆኖ ከጎረቤቱ ፊደል ጋር አይመሳሰልም። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ መሆንዎ ይጠቅማል፦ ፊደል የማያውቅ ሰው የቀረጸው «ነ» ወይም «ሥ» ለእርስዎ ዓይን ወዲያው ይጎረብጣል።

ሁለተኛው ጉዳት ማጠብ ነው። ብር በዕድሜ ብዛት ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ጉዳት አይደለም፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው ነው። በሎሚ፣ በአመድ፣ በብር መወልወያ ፈሳሽ የተፈገፈገ ሳንቲም ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ፀጉር የሚያህሉ ጭረቶች ይተርፉበታል፣ ፊደሎቹ ሥር ደግሞ ጥቁረቱ ተሸጉጦ ይቀራል። ያረጀና የተበላ ሳንቲም እንደ አዲስ ቦግ ብሎ ነጭ ከሆነ ታጥቧል። ብርሃን ከፊት ለፊት በቀጥታ ያረፈበት ፎቶ ይህን ይደብቃል፤ ከጎን ያረፈበት ያጋልጠዋል።

ካታሎግ ላይ እነዚህ ጉዳቶች በአጭር ቃል ይጻፋሉ፤ ቃሉን የማያውቅ ያልፈዋል። የጀርመን ቤቶች የማንጠልጠያ ምልክትን ሄንከልሽፑር፣ የታጠበን ገራይኒግት፣ የተበሳን ገሎኽት ይሉታል። ፈረንሳዮች የማንጠልጠያ ምልክትን ትራስ ደ ሞንቱር፣ የታጠበን ኔቷዬ፣ ጣሊያኖች የማንጠልጠያውን ምልክት ትራቼ ዲ አፒካኞሎ ይላሉ። በእንግሊዝኛ ኤክስ ማውንት (ማንጠልጠያ የነበረው)፣ ክሊንድ (የታጠበ)፣ ፕለግድ (ተበስቶ የተደፈነ)፣ ቱልድ (ገጹ በመሣሪያ የተነካካ) የሚሉትን ይፈልጉ። ደረጃዎቹም ከአገር አገር ይለያያሉ። የጀርመኑ ዜር ሽዩን እና የጣሊያኑ ቤሊሲሞ መካከለኛውን ደረጃ፣ በእንግሊዝኛ ቬሪ ፋይን የሚባለውን ያመለክታሉ። የፈረንሳዩ ቴ ቴ ቤም በተለምዶ የሚስተካከለው ከዚሁ ደረጃ ጋር ነው። በቃሉ ድምቀት ሳይሆን በዚህ ልኬት ያወዳድሩ።

በፕላስቲክ ታሽገው ኤን ጂ ሲ ወይም ፒ ሲ ጂ ኤስ በሚባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ደረጃ የተሰጣቸው ሳንቲሞች ለጀማሪ የተሻለ መተማመኛ ናቸው። ደረጃው ከ1 እስከ 70 ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው ገበያ ያልወጣ ማለት ነው። ከቁጥር ይልቅ ዲቴይልስ የሚል ቃል ካለበት ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን ታጥቧል፣ ተቧጥጧል ወይም ተበይዷል ማለት ነው፤ ምክንያቱ አጠገቡ ተጽፏል። ማሸጊያውም ይጭበረበራልና የምስክር ወረቀቱን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያረጋግጡ። ፎቶ ካለው ጭረቶቹን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳንቲሙ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለሻጩ የሚላከው መልእክት

ጨረታው ከማለቁ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ይጻፉ፤ በመጨረሻው ሰዓት መልስ አይመጣም። ጥያቄው አጭርና የማያሻማ ይሁን፦ ክብደቱ እስከ መቶኛ ግራም ድረስ ሲመዘን ስንት ነው? ከንጉሡ ዘውድ በላይ ያለውን ጠርዝ ፎቶ ሊልኩልኝ ይችላሉ? ማንጠልጠያ ኖሮት ያውቃል? ታጥቧል? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በጽሑፍ መጠየቅ ሌላም ጥቅም አለው። ሻጩ የለም ብሎ ጽፎ ከተገኘ፣ «ከማብራሪያው የተለየ ዕቃ ደረሰኝ» ብለው ገንዘብ ለማስመለስ መልእክቱ ማስረጃ ይሆናል። መልስ ካልሰጠ ወይም ጠርዙን ከማሳየት ከሸሸ፣ መልሱን ሰጥቷል።

የሻጩን ሌሎች ዕቃዎችም ይዩ። አንድ ዓይነት ሳንቲም ደጋግሞ የሚያቀርብ ከሆነ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ያድርጉ። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ወይም አንድ ዓይነት ጉድጓድ ካላቸው ከአንድ ሻጋታ የወጡ ሐሰተኞች ናቸው፤ በሰው እጅ ሲዟዟር የኖረ ሁለት ሳንቲም እኩል አይጫርም።

ዋጋውን ማግኘት

የዋጋ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ምኞት ነው፤ የሚታመነው በእርግጥ የተሸጠበት ነው። በኢቤይ ላይ የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ያብሩ። ዋጋው ላይ መስመር ተሰርዞበት ከሆነ ሻጩ ከዚያ ያነሰ ተቀብሏል ማለት ስለሆነ ያንን ከስሌት ያውጡ። የሄሪቴጅ ጨረታ ቤት መዝገብ በነፃ ምዝገባ ይታያል፤ እዚያ የሚታየው ዋጋ የገዢውን ኮሚሽን የጨመረ ነው። የጨረታ ውጤቶችን በሚመዘግበው ኤሲ ሰርች ድረ ገጽ ላይ ያለው ግን በአብዛኛው መዶሻው የወደቀበት፣ ኮሚሽን ያልተጨመረበት ዋጋ ብቻ ነው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ካወዳደሩ እስከ አንድ አምስተኛ ይሳሳታሉ። ቢያንስ አምስት ሽያጮች፣ ያው ዓመተ ምሕረትና ያው ደረጃ ያላቸው፣ ይሰብስቡና መካከለኛውን ይውሰዱ።

ከታች በኩል ወለሉ የብሩ ዋጋ ነው። አንድ የምኒልክ ብር ሳይበላ 23.44 ግራም ንጹሕ ብር አለው፤ ይህም 0.754 ትሮይ አውንስ ነው። ጠገራው 0.752። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በዚህ ያባዙ። የተበሳ፣ የታጠበ፣ የተበላ ሳንቲም ከዚህ ወለል ብዙ ሊርቅ አይገባውም።

የሒሳቡ ሥራ

ጨረታ ቤቶች መዶሻው ከወደቀበት ዋጋ ላይ ከገዢው ኮሚሽን ይቀበላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ። በአንዳንድ መድረክ በኩል በቀጥታ ሲጫረቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይጨመራል። ከዚያ መላኪያ፣ ኢንሹራንስ፣ የጉምሩክ ግብርና አስተላላፊው ለጉምሩክ ሥራ የሚያስከፍለው ይከተላሉ። ስለዚህ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፦ በአጠቃላይ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው ብለው ይወስኑና ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

ጀርመን የሚኖር ሰው ከአሜሪካ ጨረታ ቤት ይገዛል እንበል። ከፍተኛው ወጪ 400 ዩሮ ነው። የአስተላላፊው የጉምሩክ አገልግሎት 6 ዩሮ፣ መላኪያው 20 ዩሮ፣ ኮሚሽኑ 20 በመቶ፣ ለሰብሳቢ ሳንቲም የሚከፈለው የገቢ ተጨማሪ እሴት ታክስ 7 በመቶ ይሁን። ከ400 ላይ 6 ሲቀነስ 394፤ ለ1.07 ሲካፈል 368.22፤ መላኪያው 20 ሲቀነስ 348.22፤ ለ1.20 ሲካፈል 290.18። ከፍተኛው መጫረቻ 290 ዩሮ ነው። ይህን ሳያሰላ እስከ 400 የጫረተ ሰው ኮሚሽኑ ሲታከል 480፣ መላኪያ ሲታከል 500፣ ግብሩና አገልግሎቱ ሲታከሉ 541 ዩሮ ይከፍላል።

ግብሩ እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ ለሰብሳቢ ዕቃ 5 በመቶ ነው። ይህ ዝቅተኛ ተመን የሚሠራው ጥቅሉ በሰብሳቢ ዕቃ የጉምሩክ ምድብ 9705 ሲመዘገብ ስለሆነ፣ ጨረታ ቤቱ ቁጥሩን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ አስቀድመው ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ሙሉው ተመን ይጣልበታል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ፈቃድ ከኦገስት 2025 ጀምሮ መታገዱን አትርሱ። ከአውሮፓ የሚመጣ ትንሽ ጥቅልም የጉምሩክ ሥርዓት ያልፋል። ክፍያው በሌላ ገንዘብ ከሆነ የባንኩን የምንዛሪ ጭማሪ፣ 2 ወይም 3 በመቶ፣ ያስቡበት።

ጨረታው ላይ

ኢቤይ ላይ የሚያስገቡት ከፍተኛ ዋጋ ነው፤ ስርዓቱ ከሌላው ተጫራች አንድ እርከን ከፍ እያደረገ በእርስዎ ስም ይጫረታል። 290 አስገብተው ሁለተኛው ሰው 210 ላይ ቢቆም ወደ 212.50 አካባቢ ያገኙታል። እኩል ዋጋ ካስገቡ ቀድሞ ያስገባው ያሸንፋል፤ ሰው ደግሞ ክብ ቁጥር ይወዳል፤ ስለዚህ 290 ከማለት 291.37 ማለት ይሻላል። ጨረታው በተወሰነ ሰከንድ ላይ ስለሚዘጋ የመጨረሻ ውሳኔዎን ከመዘጋቱ አሥር ሰከንድ ያህል በፊት አንድ ጊዜ ያስገቡ። ቀደም ብሎ መጫረት ሌላውን ያነሣሣል፣ በሻጩ ወገን ዋጋ ለሚያስወድድ ሰውም ገደብዎን ለመፈተን ጊዜ ይሰጠዋል። ኢንተርኔትዎ ደካማ ከሆነ ከአንድ ደቂቃ በፊት ያድርጉት፤ በአሥር ሰከንድ ላይ ገጹ ተሽከርክሮ ቢቀር ሌላ ዕድል የለም።

በጨረታ ቤቶች ይህ ዘዴ አይሠራም። ካታዊኪን የመሰሉት በመጨረሻው ሰዓት አዲስ ዋጋ ሲገባ ጊዜውን ያራዝማሉ፤ በቀጥታ የሚካሄዱት ደግሞ መዶሻው እስኪወድቅ ይቀጥላሉ። ሲክስቢድ፣ ኑሚስቢድስና ቢደር ብዙ ቤቶችን በአንድ ቦታ ያገናኛሉ፤ ለእያንዳንዱ ቤት ግን ለየብቻ ፈቃድ ይጠየቃል። መታወቂያ ስለሚጠይቁና ማጽደቁ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ከጨረታው አንድ ሳምንት በፊት ይመዝገቡ። በጽሑፍ የሚተው ከፍተኛ ዋጋ ለአብዛኛው ሰው ከቀጥታው ይሻላል፤ ስሜት የሚያዘው ቀጥታው ላይ ነው።

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። ኢቤይ በፓሲፊክ ሰዓት ሊያሳይዎ ይችላል። በበጋቸው ወራት በካሊፎርኒያ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 6 ላይ የሚዘጋ ጨረታ አዲስ አበባ ላይ በፈረንጅ ሰዓት ንጋት 4፣ በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ተለውጧል።

ካሸነፉ በኋላ

ክፍያው በካርድ ወይም የገዢ ጥበቃ ባለው መንገድ ይሁን። በፔይፓል ለጓደኛና ቤተሰብ በሚለው ዘርፍ ላክልኝ የሚል ሻጭ ጥበቃዎን እየነጠቀዎት ነው፤ ከመድረኩ ውጭ እንጨርስ የሚለውም እንዲሁ። መላኪያው ክትትልና ኢንሹራንስ ያለው መሆን አለበት። አንዳንድ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሰብሳቢ ሳንቲም አይቀበሉም፤ ሻጩ ደብቆ ከላከውና ከጠፋ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። በአሜሪካ ውስጥ የፖስታ ቤቱ የአደራ መልእክት እስከ 50,000 ዶላር ዋስትና አለው፤ ቢዘገይም ለውድ ሳንቲም እሱን ይምረጡ። ወደ ኢትዮጵያ ማስላክ ካሰቡ ሳንቲም በፖስታ መላክ በብዙ አገሮች የተከለከለ ወይም የተገደበ ስለሆነ ከመጫረትዎ በፊት ይጣራ።

ጥቅሉን ሲከፍቱ ሳያቋርጡ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ይፈትኑት። የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ጠንካራ ማግኔት፣ ብርጭቆ ውሃና ክር ነው። ማግኔት ከሳበው ነገሩ አልቋል። ካልሳበው ግን ብር መሆኑን አያረጋግጥም፤ ናስና መዳብም አይሳቡም። የምኒልክ ብር በአጠቃቀም ብዛት ጥቂት አሥረኛ ግራም ሊያጣ ይችላል፤ ከ27.5 በታች ሆኖ ገጹ ያልተበላ ከሆነ ግን ጥያቄ ይነሣል።

ወሳኙ ፈተና የውሃው ነው፤ ሳንቲሙንም አይጎዳም። ሳንቲሙን ደረቁን መዝኑት፤ 27.90 ሆነ እንበል። ብርጭቆውን ከነውሃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አሥረው ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያንጠልጥሉት፤ የብርጭቆውን ሥርም ጎንም እንዳይነካ፣ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅበት ይጠንቀቁ። ሚዛኑ የሚያነበው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ነው። 27.90ን በዚያ ቁጥር ያካፍሉ። ለምኒልክ ብርም ለጠገራም ትክክለኛው ውጤት 10.2 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ 2.73 ወይም 2.74 ማንበብ አለበት። 3.1 ወይም 3.2 ካነበበ ውጤቱ 9 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። ሥር የነካ ሳንቲም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ጤነኛውን ሐሰተኛ ያስመስላልና ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የታሸገ ሳንቲም ለዚህ ብለው አይክፈቱ።

ችግር ካለ የኢቤይ የመመለሻ ጊዜ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ጨረታ ቤቶች በደረጃ አለመስማማት መልሰው አይቀበሉም፤ ሐሰተኛነት ከተረጋገጠ ግን አብዛኞቹ ይመልሳሉ፤ የጊዜ ገደቡ በውላቸው ላይ ስላለ አስቀድመው ያንብቡት።

የማይገዛው

የአክሱም ሳንቲሞችም በእነዚሁ ጨረታዎች ይቀርባሉ። ከሦስተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የተቀረጹ ናቸው፤ ኢዛና ደግሞ ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውን በመስቀል ተክቷል። እነዚህ ከመሬት የወጡ ናቸው። ያለ ሰነድ የሚቀርበው ከተዘረፈ ቁፋሮ ሊመጣ ይችላል፤ ሳንቲሙ ከተገኘበት አፈር ሲለይ የሚጠፋውን ታሪክ ማንም ሊመልሰው አይችልም። የቅርስን ሕገ ወጥ ዝውውር ከሚከለክለው ከ1970 (በፈረንጆቹ) የዩኔስኮ ስምምነት በፊት በአንድ ስብስብ ውስጥ እንደነበረ የሚያሳይ የቆየ ካታሎግ ወይም ደረሰኝ ከሌለው አይጫረቱበት። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ከኅብረቱ ውጭ በቁፋሮ የተገኘና ከ250 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ይሁን ያለ ፈቃድ አይገባም።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጡትም ጥንቃቄ ይሻሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። ሻጩ በሻንጣ አሳልፌ እልክልሃለሁ ካለ ቦሌ ላይ የሚወረሰው የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ ከዚያም በላይ አገሪቱ የምታጣው አለ። ቀድሞውኑ ውጭ ያለውን፣ ደረሰኝ ያለውን መግዛት ይቻላልና ይህን መንገድ ይተዉት።

አቀማመጥ

ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ይያዙት። ለስላሳና ጠረን ያለው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት እያወጣ ብሩን ይበላዋል፤ ሲደርስዎ በእንደዚያ ያለ ኪስ ውስጥ ከሆነ ወዲያው ያውጡት። ለትልቁ ብር 40 ሚሊሜትር ጠንካራ ክብ ማቀፊያ ይበቃል፤ የተበላ ሳንቲም ከዚያ ትንሽ ስለሚጠብ የማይንቀሳቀስበትን ይምረጡ። አይወልውሉት፣ ሎሚም አያስነኩት። ደረሰኙን፣ የካታሎጉን ገጽ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትንና በውሃው የተገኘውን ቁጥር በአንድ ፖስታ አድርገው ከሳንቲሙ ጋር ያስቀምጡ፤ ነገ ሲሸጡት ወይም ለልጅ ሲያወርሱት ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።